ሞርበራ ይጠብቃል ወይስ ይላላል?

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ወፍራም የጀብዱ ልቦለድ ስታነቡ ያ ምላስ የሚያስር የገጸ ባሕርይ ስም ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ? በትክክል ትጠሩታላችሁ ወይስ በዓይናችሁ ሰላም ብላችሁት ታልፋላችሁ?

የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ሰናይት የምታልፍ ናት። የእንግሊዝኛ ልቦለድ ትወዳለች፤ ስሞቹን ግን አንድም ቀን አንብባቸው አታውቅም። «ያ በኬ የሚጀምረው» ብላ ታወራለች። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሁለታችንም ስላነበብነው መጽሐፍ ስንጨዋወት ነገሩ አልገጥም አለን። ለካ በኬ የሚጀምሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሞቶ ሌላው በሚቀጥለው ምዕራፍ ፈረስ ሲጋልብ ስታይ፣ «ድኖ ይሆናል» ብላ አልፋለች!

እኔ ሥርዓት እወዳለሁ። ስሙ በትክክል ካልተጠራ ገጹን አልገልጥም። ለዚህም ነው የአማርኛ ልቦለድ ሳገኝ እፎይ የምለው፤ በእኛ ፊደል የተጻፈ ሁሉ እንደተጻፈው ይነበባላ! አባቴ እስኪያርሙኝ ድረስ እንዲህ እል ነበር።

አባቴ እዚሁ ከተማ ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ ሲሠሩ የኖሩ፣ ከመኪና ሥር እንደወጡ መጽሐፍ የሚገልጡ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም ካዛንቺስ እኔ ጋ መጡ። የአንድ ጀብዱ ልቦለድ የመጀመሪያውን ቅጽ በራሳቸው ዓይን ጨርሰዋል፤ ሁለተኛው ቅጽ ሲወጣ ግን ፊደሉ ጭጋግ ሆነባቸው። ሐኪሙም ከዚህ በላይ አይሻልም ብሏል። ስለዚህ ቅዳሜና እሁድ ከምሳ በኋላ እኔ ላነብ፣ እሳቸው ሊሰሙ ተስማማን። ከቀድሞ ሕይወታቸው የቀረቻቸው ደስታ ይህች ብቻ ነበረች።

ባለታሪኩ ሞርበራ ይባላል። እኔ መጨረሻውን አጠበቅሁት፤ መብራቱ በራ እንደምንለው። «ሞርበራ ሰይፉን መዘዘ» ብዬ ጀመርኩ።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አሉ አባቴ።

«ባለታሪኩ ነዋ፣ አባባ።»

«ባለታሪኩማ ሞርበራ ነው» አሉ፣ አላልተው። «ራሰ በራው! ስሙ ላይ ተጽፎ የለም እንዴ?»

ጉድ እኮ ነው! ፊደላችን ሁሉን ይጽፋል፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ መጻፍ ብቻ አይሆንለትም። የበዓሉን «ገና» እና «ገና ነው» የምንልበትን «ገና» አንድ ዓይነት አድርገን ጽፈን፣ አንባቢው ራሱ ይወቀው ብለን እንሄዳለን። የለመድነው ቃል ሲሆን ዐረፍተ ነገሩ ያወጣናል። ደራሲ ከራሱ የፈጠረው ስም ሲሆንስ ማን ያውጣን? ጀግናው ጎፈሬ ይኑረው ወይስ አናቱ ያብለጭልጭ በአንዲት ማጥበቅ ተወሰነ።

በሰዋስው ልሞግታቸው ስጀምር አባቴ በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ተይኝ ልጄ። እኔ ከጎረምሳነቴ ጀምሮ ራሰ በራ ነኝ። መጽሐፍ ውስጥ ራሰ በራ ምን ሆኖ ነው የሚመጣው? አራጣ አበዳሪ። ጉቦኛ ዳኛ። ልጄን አልድርም የሚል ክፉ አባት። ስንት ዘመን አንብቤ አንድ ሰይፍ የያዘ ባገኝ፣ እሱንም ፀጉር ልታበቅይበት ነው? ፀጉር ካለውማ ሌላ ሰው ነው። በቃ፣ ዝጊው።»

ዘጋሁት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ክፈቺው አላሉኝም። ሬዲዮኑን ከፍተው፣ እሱንም ሳይሰሙት፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ደራሲው ሌላ ሰፈር አንድ አዳራሽ ውስጥ መጽሐፉን እየፈረመ ለአንባቢ ይሰጣል ሲባል፣ ለአባቴ ራሱን ጠይቄው ልምጣ ብዬ ሄድኩ። ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ ጠየቅሁት።

«ይጠብቃል እንጂ!» አለ። «ብርሃን ለማለት እኮ ነው። የሚያላላው ሰው አለ እንዴ?»

«አባቴ» አልኩት።

ይኸውላችሁ፣ ረታሁ። ስመለስ ግን የታክሲው ረዳት «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!» ሲል ሰማሁትና ማሰብ ጀመርኩ። ይህ ስም ጣሊያን ለሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ስም ተጨፍልቆ የወጣ ነው ይባላል። ስሙን ያወጡት ሰዎች ዛሬ ቢሰሙት አያውቁትም። እኛ ግን ተወልደንበታል፣ ተድረንበታል። ታዲያ ተሳስተናል ልትሉን ነው?

ቤት ስገባ አባቴ ሬዲዮኑን ዘጉት። «እህስ፣ ምን አለ?»

«ይላላል አለ» አልኳቸው።

ንባባችን ቀጠለ። ችግሩ ሁለተኛው ቅጽ ከዳር እስከ ዳር ፀጉር በፀጉር መሆኑ ነው። ነፋሱ ፀጉሩን ሲበትነው እኔ ካባውን አስበትነዋለሁ። ልዕልቲቱ ልታበጥረው ማበጠሪያ ስታነሣ፣ መሐረብ አስይዤ ግንባሩን አስጠርጋታለሁ። ነጠላ ሰረዝ ካለቦታው ገባ ብዬ የምቆጣው እኔ፣ የሰው ልቦለድ አርታኢ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ትናንት ደግሞ ጠላቶቹ ፀጉሩን ጨምድደው ከፈረሱ ላይ ጎትተው ጣሉት። ምን ይደረግ? ትንሽ ተንተባተብኩና፣ «ጆሮውን ይዘው ጎተቱት» አልኩ።

አባቴ ከት ብለው ሳቁ።

«ጆሮው ይሻላል» አሉ። «አንደኛው ቅጽ ላይ በፀጉሩ ሲጎትቱት እኔ ቀበቶውን ነበር ያስያዝኳቸው።»