ፌሮ ሸማኔውን የደበደበ ጊዜ

በእኛ አገር የሞተ ሰው አይወቀስም። በሕይወት ሳለ ሲያማርሩት የኖሩ ጎረቤቶቹ እንኳ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብለው «እንዴት ያለ ሰው ነበር!» ይላሉ። ታዲያ ይህ ይሉኝታ በልብ ወለድ ውስጥ ኖረው ለሞቱ ሰዎች የማይሠራው ለምንድን ነው? እስቲ እናንተው ፍረዱኝ።

ልጄ ማህሌት ሠዓሊ ናት። አያት ኮንዶሚኒየም፣ እኔና እሷ ብቻ በምንኖርበት ቤት፣ ሳሎኑን በወረቀት አጥለቅልቃ በሥዕል የሚነገር ታሪክ ትሠራለች፤ የእሷ ዘመን ልጆች ኮሚክ ይሉታል። በሦስት ክፍል የሚያልቀው አዲሱ ሥራዋ ባለታሪክ ፌሮ ይባላል። ቦሌ፣ ተጀምሮ በቀረ ፎቅ ሥር ያደገ ዱርዬ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከእጁ ከማይለየው የግንባታ ብረት ነው። ሥራው ምን መሰላችሁ? በድሮ ልብ ወለዶች ውስጥ እየገባ ሰዎቹን መደብደብ!

የመጀመሪያውን ክፍል አይቼ ስቄያለሁ፤ የተደበደበው እኔም የማልወደው አንድ ጉረኛ ፊታውራሪ ነበራ። ሁለተኛውን ሳይ ግን ደሜ ፈላ። ፌሮ ሸማኔውን ደበደበው!

ለዚህ የድሮ ልብ ወለድ ሸማኔ፣ አማርኛ አስተማሪ ሳለሁ፣ ከተማሪዎቼ ጋር አልቅሼለታለሁ። የባላባት ልጅ ወደደ፤ አባትየው «ልጄን ለሸማኔ አልሰጥም» አለ፤ ልጅቷ በሐዘን ሞተች፤ ለሠርጓ የጀመረው ሸማ መገነዣዋ ሆነ። ይህን ሰው ነው እንግዲህ ፌሮ ከሥራው ጉድጓድ ጎትቶ አውጥቶ የሚወግረው።

«ምን አድርጎሽ ነው?» አልኋት።

«ምንም። ምንም ስላላደረገ እኮ ነው፣ አባዬ።»

«በዚያ ዘመን ምን ሊያደርግ ይችል ነበር?»

«ይዟት መጥፋት።»

መጥፋት አለችኝ! የስንቱን ዓይን ያስነባ ፍቅር በአንድ ቃል ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ገበታ ላይ ከ«ጨው አቀብይኝ» ያለፈ ወሬ አልነበረንም። ሦስተኛው ክፍል አትላስ አካባቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሲመረቅም አልሄድም ብዬ ነበር። እሷ ግን በዕለቱ በር ላይ ቆም ብላ «ወንበር ይዤልሃለሁ» አለችና ወጣች። ሄድኩ። ልቃወም እንጂ ላጨበጭብ አይደለም።

አዳራሹ በወጣት ጢም ብሏል። ሥዕሎቹ ግድግዳው ላይ በተራ ይታያሉ። ፌሮ ባላባቱ ቤት ደረሰ። ይኼኔ ልቤ ዘለለ፤ የዚያ ሁሉ መከራ ምንጭ ሽማግሌው አይደል? ፌሮ ብረቱን አነሳ። ሽማግሌው የሟች ልጁን ነጠላ ታቅፎ ቀና ብሎ አየው። ፌሮም ብረቱን አስቀመጠና አጠገቡ ተቀመጠ። አለቀ።

ሳላስበው ብድግ ብያለሁ። «ሸማኔውን ደብድቦ ይህን ሰውዬ ይቅር ማለት የየት አገር ፍርድ ነው?» ብዬ ጮህኩ። አዳራሹ አጨበጨበልኝ።

ማህሌት ማይክሮፎኑን ያዘች። «ፌሮማ የሄደው ሊመታው ነበር» አለች። «ደጋግሜ ሣልኩት፤ ደጋግሜ ቀደድኩት። ሽማግሌው አንተን እየመሰለብኝ እጄ እምቢ አለኝ፣ አባዬ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። በያዘችልኝ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ከመገናኛ አያት በሚወስደው ታክሲ ውስጥ ማህሌት ትከሻዬ ላይ ተኝታለች። እንዳትነቃ ብዬ ወራጅ ሲያልፍ እንኳ አልተንቀሳቀስኩም። ቢሆንም ፍርድ ፍርድ ነው፤ ሽማግሌው አንዴ እንኳ መቅመስ ነበረበት።