የ1741ዱ ከበባ የዓይን ምስክር

ከመወለዱ ሁለት መቶ ዓመት በፊት የሆነውን ሁሉ በዓይኑ ያየ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የእኛ የካርታኼናው ክቡር ዶን ኔሜሲዮ ፑዌዮ ናቸው፤ የጌቴሴማኒ ሰፈር ጫማ ሰፊ፣ የ1741ዱ የእንግሊዞች ከበባ የዓይን ምስክር።

"ከመርከቡ ብዛት ባሕሩ አይታይም ነበር" ይላሉ ሶል እየመቱ። "እኛ ግን ንቅንቅ አላልንም!" "እኛ" ሲሉ ደረታቸውን ይነካሉ። እንግሊዞቹ ሳያሸንፉ የድል ሜዳልያ ማሠራታቸውን ሲያወሩማ ደንበኛው አንድ እግሩን ባዶ አድርጎ መሳቅ አለበት። ያልሳቀ ሰው ጫማው አያልቅለትም። አንድ እንግሊዛዊ ቱሪስት ቦርሳ ሊያሰፋ ቢመጣ "ይቅር ብለናችኋል" አሉት። ሰውየው ግራ ገብቶት አመሰገነ።

እኔ የከተማው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። በከበባው ጊዜ ከተማዋን ያዳነው ምሽግ ሥር በሚተከለው እብነ በረድ ላይ የተከላካዮቹ ስም እንዲቀረጽ ሲወሰን፣ ዝርዝሩን የማጣራው እኔ ሆንኩ። ዶን ኔሜሲዮ ማክሰኞ ማክሰኞ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ይመጡ ጀመር።

"ልጄ፣ ምንጅላቴን ቲቡርሲዮን ጻፍሽው?"

"ወረቀቱ የታለ፣ ዶን ኔሜሲዮ?"

"የምን ወረቀት! መድፍ እየተኮሰ ወረቀት ይፈርማል?"

"ባለፈው ሳምንት ውኃ ተሸካሚ ነበር ብለውኝ አልነበር?"

"ሾሙታ! ጎበዝ ሰው እኮ ይሾማል።"

ዝርዝሩ ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው እናቴ ሞተች። በእኛ ዘንድ ለሟች ዘጠኝ ቀን ይጸለያል፤ ጸሎቱ ሲያበቃ ይወራል፣ ይሳቃልም። ዶን ኔሜሲዮ ዘጠኙንም ቀን መጡ፤ ከበባውንም ዘጠኝ ጊዜ አወሩ። በሦስተኛው ቀን፣ በወሬያቸው ውስጥ፣ የእናቴ ምንጅላት የተጠበሰ ሙዝ ይዛ ምሽጉ ላይ ወጣች። በስድስተኛው ድንጋይ ታቀብል ነበር። በዘጠነኛው፣ የእናቴ ፎቶና ሻማዎቹ የነበሩበት ጠረጴዛ ሲነሣ፣ ጠጋ ብለው "ውረጂ ብንላት እምቢ አለች እኮ። እንደ እናትሽ ግትር ነበረች" አሉኝ።

ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። ወረቀት አልጠየቅኩም።

ሥራ ስገባ እስከዚያ ድረስ ያላየሁትን መዝገብ አወጣሁ። ጀግና የሚፈለገው ከተሸለሙት መካከል ነው፤ እኔ ከተቀጡት መካከል ፈለግኩ። ማክሰኞ ሲመጡ አነበብኩላቸው፦

"ቲቡርሲዮ ፑዌዮ፣ የነጻ ጥቁሮች ጓድ ወታደር። ከመወለዱ በፊት የሆነውን የፈረንሳዮች ወረራ እንዳየ ሰው እያወራ በከበባው አብረውት ዘብ ላይ ያሉትን ጓዶቹን ስላዘናጋ፣ ሁለት ቀን ታሰረ።"

ዶን ኔሜሲዮ የሸሚዛቸውን ኮሌታ አስተካከሉ።

"እና... ዘብ ላይ ነበረ ማለት ነው?"

"ነበረ።"

"አላልኩሽም!" አሉ።

የቲቡርሲዮ ስም ሠላሳ አራተኛው መስመር ላይ ተቀርጿል። የእናቴ ምንጅላት አልገባችም፤ ወረቀት የላትም። እኔ ግን አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ያልተቀደደ ጫማ ይዤ ሱቃቸው እሄዳለሁ። ባለፈው ሳምንት፣ በእሳቸው ወሬ፣ የእናቴ ምንጅላት መድፍ መተኮስ ጀምራለች።