ታማሚ በመስኮት አይጠየቅም

እኛ ሌባን እንጂ እንግዳን መጠርጠር አናውቅበትም። ቫይረስ ደግሞ እንግዳ መስሎ ነው የሚገባው። ለብቻው መብላትም መራባትም የማይችል ምስኪን ነገር ነው አሉ። የሳንባችን ሴል በሩን ከከፈተለት ግን ጓዳ ድረስ ዘልቆ፣ ባለቤቲቱን ሥራዋን አስጥሎ የራሱን ልጆች ያስፈለፍላታል። ይባስ ብሎ ኡኡ ብላ ጎረቤት እንዳትጠራ አፏን ያፍናል። የሰውነት ዘበኞች ነቅተው ዱላ እስኪያነሱ፣ ልጆቹ በሳል ተሳፍረው ሌላ ቤት ገብተዋል። አሶሳ ላይ ግን ይህን ያህል መድከም አያስፈልገውም። እኛው ራሳችን ግባ እንለዋለን።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ጎረቤቴ ተሾመ ነው፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የባዮሎጂ መምህር። በኮሮናው ጊዜ ሲያዝ በሩን ዘግቶ «በመስኮት ጠይቁኝ» አለ። ጉድ ፈላ! በእኛ ሰፈር የታመመ አለመጠየቅ ነውር ነው፤ አትጠይቁኝ ማለት ደግሞ የባሰ ነውር። «ተምሮ ተምሮ ሰው ጠላ» ተባለ።

በመጨረሻ ሐጂ ኢድሪስ ማንጎ በፌስታል ይዘው መጡ። ሐጂ የሰፈራችን የበርታ ሽማግሌ ናቸው። ተሾመ እንግዳ ሆኖ ሲመጣ ቤት የሰጡት፣ ወባ ሲጥለው አጠገቡ ተኝተው ያስታመሙት እሳቸው ናቸው።

«አንተ አስተማሪ፣ ክፈት! አባት በመስኮት ይጠይቃል?»

«አይግቡ ሐጂ፣ ይይዝዎታል!»

«ያን ጊዜ ወባህ ያዘኝ?»

እኛ አገር በሽታን ያወቅነው በወባ ነው፤ ወባ ደግሞ አስታማሚን በትንፋሽ አይዝም። ተሾመ ልዩነቱን ሰሌዳ ሙሉ ሊያስረዳ ይችል ነበር። ግን አባቱ በር ላይ ቆመው ምን ይበል? ይሉኝታ ያዘውና ከፈተ።

ሐጂ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ግንባሩን ዳበሱ፣ ዱዓ አደረጉ፣ ማንጎውን ልጠው በእጃቸው አጎረሱት። ሲያዩት እንዴት ደስ ይል ነበር!

ተሾመ ዳነ። ሐጂ ግን ተይዘው አልተነሡም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለቅሶው ላይ ተሾመ ከግቢው መግቢያ ማለፍ አቅቶት ቆመ። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው» ይለኛል። አባቱን ሲያስታምም የከረመው የሐጂ ታላቅ ልጅ አየንና ወደ እኛ መጣ።

«አባቴ እስከ መጨረሻው ‹አስተማሪው ተሻለው ወይ?› ሲል ነበር» አለና ተሾመን አቅፎ አለቀሰ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። እጁን ዘርግቶ ሊያቅፈኝ ሲል ሳል አፈነው፤ ደረቅ፣ የማይለቅ ሳል። እጁን ግን አላጠፈም።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔማ አቀፍኩት።