ጎሚስታው ሚሊዮን በጥቅምትና በኅዳር ከአንዲት ኪኒን ጋር ያደረጉት ጦርነት

ዓለም በተፈጠረ በሰባት ሺህ አምስት መቶ አሥራ ሰባት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ገናናው ጎሚስታ ሚሊዮን፣ ስመ መንግሥታቸው ነፋኄ ጎማ፣ በተወለዱ በሃምሳ ስምንተኛው፣ ቦርጫቸውም ከቀበቷቸው በላይ በነገሠ በዘጠነኛው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ የጥቅምት ብርድ በኮልፌ ላይ በሰፈረ ጊዜ የሆነው ሁሉ በዚህ ተጽፏል። የተጻፈውም ከሰው የተሰማው አይደለም፤ በዓይናችን ያየነው፣ በሳንባችንም የሳልነው ነው።

እኚህ ሚሊዮን የሚኒባስን ጎማ አንድ ጊዜ በእግራቸው መትተው አየሩ ስንት እንደሆነ ያለ መለኪያ የሚናገሩ፣ ተናግረውም የማይሳሳቱ፣ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና ሾፌር ሁሉ የሚያከብራቸው ነበሩ። በመስከረም መጨረሻ ግን የሕግ ሚስታቸው ወይዘሮ ጽጌማርያም፣ ራሴን አመመኝ ማለታቸውን ሰምታ፣ እየጎተተች ቤቴል ካለ ክሊኒክ አደረሰቻቸው። በዚያም ሶፊ የምትባል ነርስ ክንዳቸውን በጨርቅ ጠቅልላ ነፋች። ሠላሳ ዓመት የሰው ጎማ ሲነፋ የኖረ ክንድ በተራው ተነፋ፤ የደም ግፊታቸውም መቶ ሰባ በመቶ አምስት ሆነ። ሶፊም በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘች። እርሳቸው ግን መሣሪያዋ አየር እንደሚያስተነፍስ፣ ቢያስተነፍስም በእርሳቸው ላይ ጨምሮ እንደሚቆጥር አስረዷት፤ ተከራክረውም እስከ ኅዳር ጽዮን ድረስ በስፖርት ብቻ ሊያወርዱት ቀጠሮ ወሰዱ። እርሷም ልባቸውን ካመማቸው ቀጠሮ ሳይጠብቁ እንዲመጡ አስጠንቅቃ፣ እያዘነች ሸኘቻቸው።

አንዲትን ምስር የምታህል ኪኒን ስለ ምን እንዲህ ፈሩ ቢሉ፣ በገዛ አዋጃቸው ነው። ሚሊዮን በየቅዳሜው ንጋት በሰፈሩ ሜዳ ኳስ የሚጫወተው የጤና ቡድን አምበል ነበሩና፣ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰው ከጨዋታ በፊት ኪኒን ሲውጥ አይተው እንዲህ ብለው አውጀው ነበር፦

«ኪኒን የሚውጥ ሰው የጤና ቡድን ሰው አይደለም። ሜዳ አይግባ፤ ዳር ተቀምጦ የኛን ጫማና ልብስ ይጠብቅ። ወይም የበሽታ ቡድን ይመሥርት።»

ሠራዊቱም ሳቀ፣ አጨበጨበም። በረኛችን ባምላኩ ከሁሉ አብልጦ አጨበጨበ። ይህ ባምላኩ በዓመቱ፣ በጥቅምት፣ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብ ወደቀ፤ ቀበርነው። ሚስቱ ልብሱን ስታወጣ ከኮቱ ኪስ ያልተከፈተ የኪኒን ፓኮ አገኘች። በሜዳ ግን ስለዚህ ማንም አልተናገረም፤ ሌላ በረኛ ፈለግን።

ወደ ዘመቻው እንመለስ። በጥቅምት በሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ነፋኄ ጎማ ቱታ በቱታ ላይ ደርበው፣ ቦርጫቸው እንዲያልበው ወገባቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፎጣ በአንገታቸው ጠምጥመው፣ ሦስት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት አኝከው ወጡ፤ ነጭ ሽንኩርት ኪኒን አይደለምና ሕጉን አያፈርስም። ከዚያም ለሠራዊቱ እስከ ኅዳር ጽዮን ድረስ ከቅዳሜው ጨዋታ ሌላ በየንጋቱ ሩጫ እንዳለ፣ የቀረም ስሙ እንደሚጠፋ አስታወቁ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገሩም።

ተከትለዋቸው የዘመቱትም እነዚህ ናቸው፦ ቀኝ አዝማች አህመድ፣ ቆርቆሮ ነጋዴው፣ ሲሮጥም ዋጋ የሚከራከር፤ ግራ አዝማች ለሊሳ፣ የሚኒባስ ሾፌሩ፣ ከቤቱ እስከ መኪናው ካልሆነ በእግሩ ሄዶ የማያውቅ፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ኢብራር፣ ልብስ ሰፊው፣ የቡድኑን ማልያ በየዓመቱ በጎን በጎኑ የሚያሰፋ፤ ከእነርሱም ጋር ጉልበታቸውን በፋሻ ያሰሩ፣ እስከ መጀመሪያው ፌርማታ ብቻ የሚሮጡ፣ ስልክ ተደወለልኝ ብለው የሚመለሱ፤ ከሚሊዮን ጋር በድምሩ አሥራ አራት ነበሩ። ነፋስም ከቆሼ የቆሻሻ ክምር በኩል በተነሣ ጊዜ ትንፋሻቸውን ይዘው ሮጡ፤ ትንፋሽ ይዞ መሮጥ የሚቻለውን ያህል።

ከሩጫውም በኋላ የጤና ቡድን ሥርዓት ይፈጸም ነበር፤ እርሱም መብላት ነው። ሠራዊቱ ከሜዳው እንደ ወጣ በሁለት ክንፍ ይከፈላል፤ አህመድና ኢብራር የሚመሩት ቀኝ ክንፍ በሙስሊሙ ሥጋ ቤት፣ ሚሊዮንና ለሊሳ የሚመሩት ግራ ክንፍ ፊት ለፊት ባለው በክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ይሰፍራል፤ ሁለቱም ክንፎች መንገዱን ተሻግረው እየተሰዳደቡ ይበላሉ፤ ከዚያም በአንድ ሻይ ቤት ይገናኛሉ። ግራው ክንፍ የነቢያት ጾም ሊገባ ነው እያለ ጨመረ፤ ቀኙ ክንፍ ጾም የማይጠብቀው ቢሆንም ወንድም ብቻውን አይብላ ብሎ ጨመረ። ብርዱ ስብ ይጠይቃል ተባለ። በሩጫ የወረደው ሁሉ በጎድን ተመለሰ፤ ትርፉም ከወገብ በላይ ሰፈረ። ሚሊዮን ግን በየማለዳው መስታወት ፊት ቆመው በጎናቸው እየዞሩ፣ መክሳታቸውን ለወይዘሮ ጽጌማርያም ያበስሩ ነበር። እርሷም ሰውየው ከሳ እንጂ ማልያው እንዳልሰፋ ማን መሰከረልህ ብላ ትጠይቃቸው ነበር።

በኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ደግሞ ታላቅ ውጊያ ሆነ። ያን ቀን ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ የዓመቱን ቆሻሻ ጠርጎ በየደጁ እንደሚያቃጥል፣ ጭሱም በሽታን እንደሚያባርር የታወቀ ነው። ሚሊዮን ጭሱ በሽታን ካባረረ ግፊትንም ሳያባርር አይቀርም ብለው ሠራዊቱን በጭሱ መካከል ሁለት ዙር አስሮጡት። በአሮጌ ጫማና በላስቲክ ጭስ አሥራ አራቱም ታፈኑ፤ ለሊሳ ምሰሶ አቅፎ ሲስል ተገኘ፤ አህመድም ከበሽታው እኛ ቀድመን ልንባረር ነው አለ። ሦስት ቀን በኮልፌ ከሳል በቀር ድምፅ አልተሰማም።

የቀጠሮውም ቀን ደረሰ፤ ኅዳር ሃያ አንድ፣ ቅዳሜ። ለሊሳ ሠራዊቱን በሚኒባሱ ሊጭን ቢለምን፣ ሚሊዮን ጤነኛ ሰው በእግሩ ይሄዳል ብለው እምቢ አሉ፤ ሁሉም እስከ ቤቴል በእግሩ ተከተላቸው። ወይዘሮ ጽጌማርያም ብቻ በታክሲ ቀድማ በክሊኒኩ በር ቆማ ጠበቀች። ሶፊ ደክመዋልና ይረፉ ብላ ሩብ ሰዓት አስቀመጠቻቸው፤ ለካች፤ በሌላው ክንድ ደግማ ለካች። መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር። ከአርባ ቀን በላይ የተሮጠው ሩጫ፣ ጎድኑና ጭሱ ተደምረው ያስገኙት ድል ይህ ነው። ሶፊም ኪኒኗንና አንድ ብርጭቆ ውሃ ከፊታቸው አኖረች።

ሚሊዮን በመስኮቱ አሻግረው ተመለከቱ። አሥራ ሦስቱ በግቢው ቆመው፣ ጣታቸውን እያወጡ ውጤት ይጠይቁ ነበር። እርሳቸውም እንደገና ቀጠሮ ሊጠይቁ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ወይዘሮ ጽጌማርያም ድምፅዋን ሳታነሣ እንዲህ ብላ አወጀች፦

«ሚሊዮን፣ ባምላኩ የሞተው ኪኒን አጥቶ አይደለም። አንተን አፍሮ ነው። እኔ የማንን ሳቅ ፈርቼ ነው ጥቁር የምለብሰው?»

ከዚህ በኋላ ያለውን መጻፍ ይከብዳል። ጎሚስታው ወደ በሩ ሄደው ሠራዊቱን ሁሉ ጠሩ፤ ጠባቧ ክፍል በቱታና በላብ ሞላች። በሁሉም ፊት ኪኒኗን በምላሳቸው ላይ አኖሩ። መጀመሪያ በላንቃቸው ተጣበቀች፤ ሁለተኛ ውሃው ብቻውን ወረደ፤ በሦስተኛው ብርጭቆ ዶሮ ውሃ እንደምትጠጣ አንገታቸውን ወደ ላይ ሰቅለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን በሚስታቸው ትከሻ ላይ አድርገው ዋጡ። ማንም አላጨበጨበም።

ያን ጊዜ አህመድ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ወለሉን እያየ እንዲህ አለ፦

«ሚሌ፣ እኔ ኪኒን ከጀመርኩ አራት ዓመቴ ነው። ከአዋጅህ ወዲህ ከቆርቆሮው ኋላ ቆሜ ነው የምውጠው። ላንተ ብዬ።»

ለሊሳም የእርሱ በሚኒባሱ ወንበር ሥር እንዳለ፣ ኢብራርም የእርሱ በክር ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ ተናገሩ፤ ሌሎችም አንድ በአንድ ተከተሉ። ሲቆጠር ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ የሚውጡ ሆኑ። አዋጁ ቢጸና ኖሮ ዘጠኝ ሰው የአምስት ሰው ጫማ ይጠብቅ ነበር። ሶፊ የቀሩት አምስቱ ክንዳቸውን እንዲገልጡ አዘዘች።

ሚሊዮንም እዚያው ቆመው የቀድሞውን አዋጅ ሻሩ፤ ከዛሬ ጀምሮ የሚያስፈልገው ሁሉ ኪኒኑን ውጦ ሜዳ ይግባ፣ ያልተለካም ተለክቶ ይምጣ፣ ጎድኑም በወር አንድ ጊዜ ይሁን አሉ። በጎድኑ ላይ ብቻ ተቃውሞ ተነሣ።

እንግዲህ ምስጋና ለሚሊዮን ነፋኄ ጎማ ይሁን፤ ብርድ ያልመለሳቸው፣ ጭስ ያልበገራቸው፣ የገዛ አዋጃቸውን በገዛ ጉሮሯቸው ያፈረሱ፣ ከንጉሥ ሁሉ የበለጡ ጀግና። ስማቸው በአጠና ተራ ይጠራ፤ ዕድሜያቸው ይርዘም፤ በየማለዳው በአንድ ሰዓት፣ ሰው እያየ፣ አንዲት ኪኒን ይዋጡ። የሠሩት ሥራ ታላቅ ነው፤ ለዘጠኝ ሰዎች ደረሰ። ለባምላኩ ግን አንድ ዓመት ዘገየ።