በስልክ የታዘዘው ምሳ

ይህን ወሬ ያቀበለችኝ ድንቅነሽ ናት፤ አዳማ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት በግሪኩ በሙሴ ያኒ ሆቴል ሳህን የምታጥበው። ድንቅነሽ አትዋሽም፤ ትጨምራለች እንጂ። እኔ የጨመረችውን ቀንሼ፣ የዘለለችውን ከሌላ ጠይቄ ሞልቼ ነው የማወራችሁ።

ጨዋነት ደግ ነገር ነው፤ ግን ጨዋነት ሁሉ በሽቦ አያልፍም። ፊት ለፊት ሲሆን «ተዉ፣ አይቸገሩ» የሚል ሰው ዓይኑ «ኧረ አምጡ» ይላል፤ ባለቤቱም ዓይኑን አይቶ ያመጣል። ስልክ ምን ዓይን አለው? በስልክ ምሳ የሚያዝ ሰው ስንት ሆኖ እንደሚመጣና መቼ እንደሚመጣ ተናግሮ ዝም ማለት አለበት። ይህማ ብልግና ነው የምትሉ ካላችሁ የወለንጪቲውን የአቶ ደምሴን ጉድ ስሙ።

አቶ ደምሴ፣ አስካለ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። ሀያ ዓመት አልፏታል። የመጣውን ጠያቂ ሁሉ አንዱን በዘሩ፣ አንዱን በአፍንጫው እያመካኙ ሲመልሱ ከርመው፣ ኋላ ጠያቂው ራሱ ጠፋ። በመጨረሻ የሞጆው ባላምባራስ ወልዴ ለወንድማቸው ልጅ ጠየቁ። ይህ ካመለጠ ሌላ እንደማይመጣ አባትም፣ ልጅም፣ ጎረቤትም ያውቃል።

ቃሉ አዳማ ላይ ይታሰር ተባለ። ከሞጆ የሚወርደውና ከወለንጪቲ የሚወጣው ባቡር ቀትር ላይ እዚያ ይገናኛሉ፤ መንገደኛው ምሳ እስኪበላም ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆማሉ። ሁለቱ ወገኖች አብረው በልተው፣ ቃል አስረው፣ እያንዳንዱ ሌላው በመጣበት ባቡር ወደ አገሩ ይመለሳል። ብልሃቱን ያወጡት አቶ ደምሴ ናቸው፤ በሹካ የሚበላበት ቤት ጋብዘው አማቾቻቸውን ሊያስደንቁ።

በዋዜማው ወደ ወለንጪቲ ስልክ ቤት ሄዱ። ስልከኛው ጉደታ እንዳወራው፣ መነጋገሪያውን ሲሰጣቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ለሽቦው እጅ ነሡ። ከዚያ ሰላምታው ቀጠለ። ሙሴ ያኒ እንደምን ከረመ፣ ቤተሰቡ ደኅና ነው ወይ፣ ከብቱስ? ግሪኩ ከብት የለውም፤ ግን ደኅና ነው አላቸው። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ለነገ ቀትር እንግዶች እንዳሉባቸው ነገሩት። ስንት ሰው ነው አላቸው።

እንግዲህ ይህ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? ሰው እንደ በግ ይቆጠራል? ያውም ለጋብቻ የሚመጣ ሰው? አንድ፣ ሁለት ብሎ የቆጠረ ሰው አንዱን ሳያጎድል አይቀርም፤ እኔም ብሆን አልቆጥርም። አቶ ደምሴ፣ ጥቂት ነን፣ እግዜር የፈቀደውን ያህል ነን አሉ። ስንት ወንበር ላውጣ አለ ግሪኩ። ስለ ወንበር አይቸገሩ አሉት። ጉደታ አላስችል ቢለው፣ ኦቦ ደምሴ፣ ዝም ብለው ቁጥሩን ይንገሩት፣ ይህ ሰው ቁጥር ካልሰማ አያበስልም አላቸው። አንተ ስልክህን ጠብቅ አሉት።

ሙሴ ያኒ በበኩሉ ስልኩን ዘግቶ ወጥ ቤት ገብቶ፣ «ጥቂት» ማለት በእናንተ አገር ስንት ነው ብሎ ድንቅነሽን ጠየቃት። እኔ ምን አውቅልህ፣ ሁለት ሦስት ይሆናል አለችው። ይህን ስትነግረኝ ፈጠን ብላ ነው ያለፈችው።

በማግሥቱ ባቡሮቹ ደረሱ። ሆቴሉ በመንገደኛ ጢም ብሏል። ለእንግዶቹ ጥግ ላይ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ሦስት ሳህን የዶሮ ጥብስ ተዘጋጅቷል። የወረዱት አሥራ ሦስት ናቸው። የቆጠረቻቸው ድንቅነሽ ናት፤ ኃጢአቱ በእሷ።

ጨዋ ሰው ሌላውን አስቁሞ አይቀመጥም። ባላምባራስ፣ ጋባዡ እርስዎ ነዎት፣ ይቀመጡ አሉ። አቶ ደምሴ፣ እርስዎ ቆመው እኔ ልቀመጥ? ምን በደልኩና ነው እንዲህ የሚያዋርዱኝ አሉ። ባላምባራስ ወደ ነፍስ አባታቸው ዞሩ፤ እሳቸውም፣ ሽማግሌ ሳለ እኔ ምን ቆርጦኝ አሉ። አንዱ ሌላውን በትከሻው ወደ ወንበሩ ሲገፋ፣ የተገፋው ሲያፈገፍግ፣ ግማሹ ሰዓት አለቀ። ሙሴ ያኒ ከበሩ ላይ ሆኖ ባዶዎቹን ወንበሮች አየና፣ ለካ ሦስትም በዝቷል አለ።

ይሄኔ የአቶ ደምሴ ታናሽ እህት የሺመቤት ተነቃነቀች። ባሏ ከሞተባት ቆይቷል፤ ወፈር ያለች፣ ሳቂታ ሴት ናት። እናንተ ስትጨርሱ ንገሩኝ፣ የኔ ጉልበት የማንንም ሹመት አያውቅም ብላ መካከለኛው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። አንዱን ሳህን በላች። ሁለተኛውን፣ ከሚቀዘቅዝ ብላ በላችው። ሦስተኛውን ስትስብ አሥራ ሁለት ሰው ቆሞ ያያታል። አቶ ደምሴ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡ።

ባቡሩ ጮኸ። ባላምባራስ ወልዴ፣ ልጅ በአክስቷ ትወጣለች፤ ሽማግሌ ቆሞ እሷ የምትቀመጥ ሴት ለቤታችን አትሆንም ብለው በባዶ ሆዳቸው ተሳፈሩ። የሺመቤት ጣቷን እየጠረገች፣ ለመንገድ ዳቦ ላስይዛችሁ ወይ አለቻቸው።

አስካለ ወለንጪቲ ጣቢያ ድረስ ወጥታ ስትጠብቅ ነበር። የአባቷን ፊት ካየች በኋላ ጋቢያቸውን ተቀብላ ወደ ቤት መንገድ ጀመረች።

ሙሴ ያኒ ከዚያ ወዲህ በስልክ ምሳ አይቀበልም። ጉደታ ወደ ድሬዳዋ ተዛወረ። አስካለ ሁለት ዓመት ቆይታ አቦምሳ ላለ የእህል ነጋዴ ተዳረች። የባላምባራስ የወንድም ልጅ እስካሁን አላገባም። ባላምባራስ ወልዴ ግን ሚስታቸው ከሞቱባቸው ቆይቶ ነበርና፣ ዓመት ሳይሞላ ወደ አቶ ደምሴ ሽማግሌ ልከው የሺመቤትን አገቡ።