የሼህ ሐሚድ ጀርመን ሠራሽ ጠመንጃና የእኔ «ምርምር»

በዚህ አገር ምሁር ለመባል መማር ግድ አይደለም፤ ማኅተም ያለበት ቢሮ ውስጥ መገኘት ይበቃል! አላመናችሁኝም? እንግዲያው የእኔን ጉድ ስሙ።

ክልሉ ገና የተቋቋመ ሰሞን ነው። ደሴ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ አሶሳ ተመደብኩ። የገባሁበት የባህል ቢሮ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ አዲስ ማኅተም ነበረው። ሥራ ግን አልነበረውም። ማኅተሙን የምናሳርፍበት ወረቀት አጥተን እጃችንን ሲበላን ይውላል።

አንድ ጠዋት ጎረቤቴ ሼህ ሐሚድ በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዘው ገቡ። ሼህ ሐሚድ የበርታ ሽማግሌ ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ካልጠየቋቸው የማይናገሩ። ጨርቁን ሲፈቱት... ጠመንጃ! ከአባታቸው የወረሱት ነው። ያን ሰሞን የጦር መሣሪያ ያለው ሁሉ እንዲያስረክብ ታዞ ስለነበር፣ ፖሊስ የዕቃውን ምንነት የሚገልጽ ደብዳቤ ከእኛ እንዲያመጡ ልኳቸዋል። ሽማግሌው የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአባታቸው ዕቃ ከቤታቸው ግድግዳ ላይ እንዳይወርድ።

አለቃዬ ወደ እኔ ዞረና፣ የታሪክ ሰው አይደለህ፣ በል መርምር አለኝ። እኔ ደግሞ ሞቼ ነው አላውቅም የምለው? ስለ ጠመንጃ የማውቀው አፈሙዙ በየት በኩል እንደሆነ ነው፤ እሱንም ጠጋ ብዬ ካየሁ በኋላ። መነጽሬን አወለቅኩ፣ ጠረግኩ፣ መልሼ አጠለቅኩ... የምርምሬ ግማሽ ይኸው ነበር። የቀረው ግማሽ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን የፈረንጅ ፊደል መገልበጥ ነው። ጀርመን ሠራሽ መሆኑን በዚያ አወቅኩ። «ስፖርት» የሚልም ነበረበት፤ የፋብሪካው ባለቤት ስም ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ሦስት ቀን ጻፍኩ። ያንን ጠመንጃ ስንት ጦር ሜዳ አዋልኩት መሰላችሁ! ወንዝ አሻገርኩት፣ ምሽግ ሰበርኩበት፣ የጠላት አዛዥ ጣልኩበት። ሰው ጠይቄ እንዳይመስላችሁ፤ ሁሉም ከራሴ የወጣ ነው። ሼህ ሐሚድ በየጠዋቱ እየመጡ በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ እኔ ሥራ ላይ ነኝና ቀና ብዬም አላያቸው። መደምደሚያዬ ላይ «እጅግ አደገኛ፣ ብዙ ሕይወት ያጠፋ የጦር መሣሪያ» አልኩ። ማክበሬ እኮ ነው! አለቃዬ ደስ ብሎት ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታበት።

ሼህ ሐሚድ ደብዳቤውንና ጠመንጃውን ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በቢሮአችን በኩል ሲያልፉ እንደ ወትሮው ሰላም አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አፈርኩ፤ እውነቴን ነው፣ ምሳ አልበላ አለኝ።

በማግስቱ ጣቢያ ሄድኩ። መሣሪያ የሚረከቡት ሃምሳ አለቃ የድሮ ወታደር ናቸው። ደብዳቤዬን እያነበቡ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። የጦር ሜዳ ጥይት አንስተው አፈሙዙ ላይ ገጠሙልኝ፤ አልገባም። ለካ ቁመናው የጦር ጠመንጃ ይሁን እንጂ ቀዳዳው እርሳስ እንኳ አያስገባም! ጀርመኖች ኢላማ የሚለማመዱበት፣ በትንንሽ ጥይት የሚተኮስ መለማመጃ ነው።

ታዲያ ይመልሱላቸዋ፣ አልኳቸው።

«በዚህ ደብዳቤ?» አሉ ሃምሳ አለቃ። «መምህር፣ ራስዎ የጻፉትን ራስዎ ያፍርሱት እንጂ።»

አለቃዬ ቢሮውን ልታዋርድ ነው ብሎ ተቆጣ። አንድ ቀን ሙሉ አንገራገርኩ። በመጨረሻ ግን ጻፍኩት፦ «የቀድሞው ደብዳቤ ስህተት ነው። ጸሐፊው ስለ ጠመንጃ ምንም አያውቅም።» ከቢሮ ደብዳቤዎቼ ሁሉ ሙሉ በሙሉ እውነት የነበረው እሱ ብቻ ነው። አለቃዬም እያጉረመረመ ማኅተሙን መታ፤ በዚህኛው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ።

ጠመንጃውን ከጣቢያ ተረክቤ ራሴ ተሸክሜ ሼህ ሐሚድ ቤት ወሰድኩ። እሳቸው ግድግዳው ላይ ሲሰቅሉት እኔ ከኋላቸው ቆሜ የደረስኩበትን ግኝት እተነትናለሁ፤ የጦር መሣሪያ አይደለም፣ መለማመጃ ነው፣ ቀዳዳው ጠባብ ነው...

«አውቃለሁ» አሉ ዞር ሳይሉ። «አባቴ ወርቅ ፈላጊ ጀርመን ጋ ሲሠራ ያገኘው ነው። ጅግራ ይመታበት ነበር። ጅግራውንም ይስተው ነበር።»

«ታዲያ ሼህ፣ ያኔ ምነው ሳይነግሩኝ?»

ጠመንጃው መስተካከሉን አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ሦስት ቀን በርህ ላይ ተቀመጥኩ፣ ልጄ» አሉኝ። «አንተ ትጽፋለህ።»