የተዋስኩት ወላጅነት

የትምህርት ቤት ቃላት ጓዛቸው ብዙ ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ባላልፍም፣ ከቅዳሴ በኋላ ከሚያስተምሩን መምህር የቃረምኩት አለ። ብዕር ጥንት ሸምበቆ ነበር። ደብተርም ከባሕር ማዶ የመጣ ቃል ነው፤ ቆዳ ማለት ነበር አሉ። እንግዲህ ሸምበቆው ፕላስቲክ፣ ቆዳውም ወረቀት ከሆነ፣ «ወላጅ» የሚለው ቢለወጥ ምን ይገርማችኋል? ቤት ውስጥ ወላጅ ያማጠች ናት። ትምህርት ቤት ግን ተጠርቶ የሚመጣ፣ ተወቅሶ የሚፈርም ሰው ነው። ማማጡ ግዴታ አይደለም።

ባለፈው ሰኞ የጎረቤቴ ልጅ ረድኤት ዓይኗ ደም መስሎ መጣች። ስምንተኛ ክፍል ናት። አርፍዳ «ወላጅ ሳታመጪ አትገቢም» ተብላለች፤ የሚኒስትሪ ፈተና ፎርም የሚሞላው ደግሞ የዚያኑ ቀን ብቻ ነው። እናቷ ለለቅሶ ጉራጌ ወርዳለች።

«እትዬ አስካለ፣ በማርያም! ዛሬን ብቻ እናቴ ይሁኑ!»

«ዋሽቼ?»

«ማንም እኮ አይጠይቅዎትም!»

እናቷ ስትሄድ «አደራ» ብላኛለች። አደራና ውሸት ሲጣሉብኝ ለአደራ አደላሁ፤ ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ።

አዲሱ ዩኒት ሊደር እውነትም ማንነቴን ሳይጠይቅ አግዳሚ ወንበር አሳየኝ። አጠገቤ ጣቶቹ በማስቲሽ የጠቆሩ አንድ ሰውዬ ተቀምጧል።

«የስምንተኛ ሐ ፌቨን አባት!» ተባለ። ሰውዬው ብድግ አለ።

የስምንተኛ ሐ ፌቨን የኔ ልጅ ናት። አባቷን ደግሞ ከዚህ ሁሉ ዘመን ትዳር በኋላ አልስተውም። ይሄ አይደለም።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ብጮህ ግን «እርስዎስ የማን ነዎት?» መምጣቱ ነው፤ ረድኤትም በመስኮት ታየኛለች። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ሰውዬው «ክፍል ውስጥ ስልክ ተገኝቶባታል» ሲባል አንገቱን ደፍቶ ሰማ፤ ፈረመ። እኔም ተራዬ ሲደርስ በገዛ ስሜ ፈረምኩ። ረድኤት ወደ ፎርሟ በረረች።

ሰውዬውን በር ላይ ደረስኩበት። «ልጅዎ ናት?»

«ኧረ እህቴ፣ እኔ ጫማ ሰፊ ነኝ! ደንበኛዬ ናት፣ ብታለቅስብኝ ጊዜ ነው።»

«እናት የላትም?»

«አለቻት፣ ደግሞም ታጋሽ ናት አሉ። ‹ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን ዝም ብላ ትጸልይብኛለች› አለችኝ።»

«እናቷ እኔ ነኝ» እንዳልል፣ እዚያ ግቢ ውስጥ እኔ የረድኤት እናት ነኝ።

ፌቨን ቤት ስትገባ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኼ ተቆጣኋት። ክው አለች። ቀጥላ ግን አጠገቤ ቁጭ ብላ የስልኩንም የሌላውንም ጉዷን ዘረገፈችልኝ፤ ስንት ዓመት ጸልዬ ያልሰማሁትን።

ጸሎቱን አልተውኩም። እሷ ከቤት ስትወጣ ነው የማደርሰው።